በዳዩን መርዳት፦ ሚስቱን የሚመታ ሰው እንዴት ይታረማል?

አንዲት እህት ባሏ እንደሚመታት ስትናገር በማኅበረሰባችን ብዙ ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ታገኛለች። አንዱ «ሶብር አድርጊ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚል ነው። ሌላው «ፍቺውና ተገላገይ» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች የሚናገሩት ስለ እርሷ ነው። የምትችለውም እርሷ፣ የምትወጣውም እርሷ ናት። ስለሚመታው ሰውዬ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብትፈታው እንኳ እርሱ ነገ ሌላ ኒካሕ ያስራል፤ ያው እጅ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ብትችለውም ልጆቿ ያንን እያዩ ያድጋሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዳይም ይሁን ተበዳይ ወንድማችንን እንድንረዳ አዘዋል። ሰሓቦች ተበዳይን መርዳት ገብቷቸው በዳይን እንዴት እንደሚረዱት ሲጠይቁ፣ ከበደሉ በመከልከል እንደሆነ ነግረዋቸዋል። ሐዲሡን ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ይህ ሐዲሥ በየደርሱ ይነገራል፤ ነገር ግን ወደ ቤት ውስጥ በደል ስንመጣ «መከልከል» በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ አናብራራም።

በዓለም ላይ ለዚሁ ጉዳይ ተብለው የተዘጋጁ የባህሪ ማረሚያ ፕሮግራሞች አሉ። ሚስቱን የሚመታ ሰው ለወራት በየሳምንቱ እየቀረበ ስለ ድርጊቱ የሚጠየቅባቸውና ሌላ አኗኗር የሚማርባቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ፕሮግራሞቹ ከየት እንደመጡ፣ ውስጣቸው ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ውጤት እንዳላቸው፣ ከዲናችን ጋር እንዴት እንደሚገናኙና እኛ ምን ልንወስድ እንደምንችል በየተራ እናያለን።

ፕሮግራሞቹ ከየት መጡ?

መነሻቸው አሜሪካ ነው። በቦስተን ለተጠቂ ሴቶች የሚሠሩ ሴቶች፣ ወንዶቹን ፊት ለፊት የሚያናግሩ ወንዶች እንዲኖሩ ጠየቁ። ከዚህ ጥያቄ «ኢመርጅ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሠረተ። ጥቃት ለሚያደርሱ ወንዶች ትምህርት በመስጠት በአገሩ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

በይበልጥ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሚኒሶታ ግዛት፣ ዱሉዝ በምትባል ከተማ የተጀመረው ነው። ሚኒሶታ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስም አይደለም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌያውያን ሙስሊሞች የሚኖሩበት ግዛት ነው። ኤለን ፔንስ እና ማይክል ፔይማር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት የዱሉዝ አሠራር አንድ ትልቅ ሐሳብ ነበረው። ወንዱን ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ዳኛው፣ የአመክሮ ሠራተኛው፣ የሴቶች መጠለያውና አስተማሪው በአንድ ቃል መናገር አለባቸው የሚል ነው። አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው በር እንዳያመልጥ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። በኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ1987 በሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚመራ ማእከል ተከፈተ። በካሊፎርኒያ ግዛት በትዳር ጓደኛው ላይ ጥቃት አድርሶ በአመክሮ የተለቀቀ ሰው ቢያንስ 52 ሳምንት የሚፈጅ ፕሮግራም እንዲከታተል ሕጉ ያስገድዳል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የኢስታንቡል ስምምነትም በአንቀጽ 16 አባል አገሮች ለጥቃት አድራሾች ፕሮግራም እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል። ይኸው አንቀጽ የተጠቂዋ ደኅንነት ቀዳሚ መሆን እንዳለበትም ይደነግጋል።

«ተናድጄ ነው» የሚለው ምክንያት

ወደ ፕሮግራሙ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚናገረው ስለ ንዴቱ ነው። «ስናደድ ራሴን አላውቅም» ይላል። አወያዮቹ ታዲያ ቀላል ጥያቄ ይጠይቁታል፦ አለቃህ ሲያናድድህ ትመታዋለህ? የትራፊክ ፖሊስ ሲቀጣህስ? መልሱ አይደለም ነው። ሚስቱን የመታት በር ተዘግቶ፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ ነው። አንዳንዱ ፊቷን ትቶ ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ይመርጣል። ራሱን የሳተ ሰው እንዲህ አይመርጥም። ስለዚህ በአብዛኛው ጉዳዩ እርሷን በቁጥጥር ሥር ማቆየት ነው፤ ንዴቱም ዱላውም የዚያ መሣሪያዎች ይሆናሉ።

የዱሉዝ ሰዎች ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የተናገሩትን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1984 በአንድ የመንኮራኩር ሥዕል አስቀመጡት። በመሐሉ ሥልጣንና ቁጥጥር ተጽፏል፤ ዙሪያውን ስምንት መንገዶች አሉ፦ ማስገደድና ማስፈራራት፣ በአድራጎት ማሸበር፣ በቃል ማዋረድ፣ ከሰው መነጠል፣ ድርጊቱን ማቃለልና በእርሷ ማሳበብ፣ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ በወንድነት መኩራት፣ ገንዘብ መከልከል። ዱላ በውጭ ያለው ጠርዝ ነው፤ ስምንቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል። አንድ ጊዜ የተመታች ሴት ከዚያ በኋላ በዓይን ጥቅሻ ብቻ ትታዘዛለች።

ይህን ወደ እኛ ቤቶች ብናመጣው ለማወቅ አያስቸግርም። በየጭቅጭቁ የጠላቅን ቃል እንደ ዱላ ማንሳት፣ «ሁለተኛ አገባብሻለሁ» እያሉ ማሸማቀቅ፣ ወደ እናቷ ቤት እንዳትሄድ መከልከል፣ ከዐረብ አገር ሠርታ ያመጣችውን ገንዘብ መንጠቅ፣ በውጭ አገር ደግሞ «የመኖሪያ ወረቀትሽን አስሰርዘዋለሁ» ማለት፣ ሁሉም እዚያው መንኮራኩር ላይ ቦታ አላቸው። የቁርኣን አንቀጽ ቆርጦ እየጠቀሱ የአላህን ቃል ለግል ፍላጎት ማዋል ግን ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሴቲቱ ባሏን ብቻ ሳይሆን ዲኗን እንድትፈራ ያደርጋልና።

ሌሎች ሁለት ምክንያቶችም በእኛ ዘንድ ይሰማሉ። አንደኛው ሱስ ነው። ጫትና መጠጥ ነገሩን ሊያባብሱት ይችላሉ፤ ሰውዬው ሱስ ካለበት ለብቻው መታከም አለበት። ነገር ግን ጫት የሚቅሙ ሁሉ ሚስታቸውን አይመቱም፤ ጫት ቀምሰው የማያውቁ የሚመቱም አሉ። ሁለተኛው ሲሕርና ዓይን ነው። ሲሕር እውነት መሆኑን እናምናለን፤ ሩቃም ሱንና ነው። ሆኖም «ተደግሞብኝ ነው» የሚለው ሰው ጎረቤቱን ሳይመታ ሚስቱን ብቻ የሚመታ ከሆነ ምክንያቱ ኃላፊነት ከመሸሽ የዘለለ አይሆንም። ሩቃ የሚያደርግለት ሰው ካለም ሚስቱን በዚያ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ውጤት መጠበቅ የለበትም።

ውስጡ ምን ይሠራል?

ፕሮግራሞቹ ከአገር አገር ይለያያሉ። በአብዛኛው ግን የሚከተሉት ደረጃዎች አሏቸው።

1. ቅበላና ምዘና። ሰውዬው ለብቻው ይጠየቃል። ከእርሱ ቃል በተጨማሪ የፖሊስ መዝገብና፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ የሚስቱ ቃል ይታያል። አደጋውም ይመዘናል። አንቋት ያውቃል? መሣሪያ አለው? እገድልሻለሁ ብሏል? በእርግዝናዋ ጊዜ መትቷታል? እነዚህ የከፋ አደጋ ምልክቶች ናቸው። በተለይ ማነቅ የሞት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

2. ስምምነት። ሰውዬው ይፈርማል። ካልቀረበ፣ ዳግም ከመታ ወይም ካስፈራራ ለፍርድ ቤቱ ወይም ለላከው አካል እንደሚነገር ያውቃል። ይህ ነገር ምስጢር አይደለም።

3. ሳምንታዊ የቡድን ውይይት። ጥቂት ወንዶች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ይሰበሰባሉ። በብዙ ቦታ የሚመሩት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ወንዶቹ ሴትን በእኩልነት ማዳመጥ ሲለማመዱ በዓይን የሚታይ ምሳሌ እንዲኖራቸው ነው። እያንዳንዱ ያደረገውን በራሱ አንደበት፣ ሳያቃልል ይናገራል። «ተጣላን» ማለት አይፈቀድም። «በጥፊ መታኋት፣ ወደቀች፣ ልጄ አየ» ብሎ መናገር ይጠበቅበታል። ከዚያ ድርጊቱ ይተነተናል፦ በዚያች ሰዓት ምን ፈለግህ? ምን ብለህ ለራስህ ፈቀድክ? እርሷ ምን ተሰማት? በዚያ ቦታ ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?

4. ተግባራዊ ልምምድ። ሰውነቱ መጋል ሲጀምር አውቆ ከቤት መውጣት፣ ያለ ስድብ ጥያቄ ማቅረብ፣ «አይሆንም» ሲባል መቀበል፣ ገንዘብ በምክክር ማውጣት፣ ልጅን ያለ ዱላ መቅጣት። ብዙ አባቶችን የሚነካው ስለ ልጆች የሚደረገው ውይይት ነው። ባስተማርኩባቸው ዓመታት በር በኃይል ሲዘጋ ደንግጠው የሚነሱ፣ ድምፅ ከፍ ሲል ራሳቸውን በክንዳቸው የሚከልሉ ልጆች በየክፍሉ አይጠፉም ነበር። ልጅ ተኝቷል ብለን የምናስበው ብዙው ነገር ተሰምቷል።

5. ከሴቲቱ ጋር የሚደረግ ግንኙነት። ጥሩ ፕሮግራም ከወንዱ በተለየ ሠራተኛ አማካይነት ሴቲቱን ያገኛታል። ድብደባው ቆሟል ወይ? አሁንም ትፈሪያለሽ? ብሎ ይጠይቃታል፤ የት እርዳታ እንደምታገኝ ያሳያታል። እርሷ የተናገረችው ለእርሱ አይነገርም። ይህ ክፍል የሌለው ፕሮግራም የሚለካው በሰውዬው ምላስ ብቻ ስለሆነ አደገኛ ነው።

ከምን ጋር መምታታት የለበትም?

ባልና ሚስትን አንድ ክፍል አስቀምጦ ማማከር በሰላም ለሚጨቃጨቁ ጥንዶች ጥሩ ነው። ድብደባ ባለበት ቤት ግን ሴቲቱ በምክር ሰዓት እውነቱን ከተናገረች ቤት ስትገባ ዋጋ ትከፍላለች። ካልተናገረች ደግሞ ምክሩ ባዶ ነው። ለዚህ ነው ብዙ አገሮች ድብደባ ባለበት ጉዳይ የጥንዶችን ምክር የማያስቀድሙት።

የእኛም ሽምግልና በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ሽማግሌዎች መጥተው ሁለቱን ያስቀምጣሉ፣ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ይላሉ፣ ዱዓ ተደርጎ ይበተናል። ይህ አሠራር ጥፋቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ጭቅጭቅ የሁለት ሰው ነው፤ ዱላው ግን የመታው ሰው ነው። ሱልህ መልካም እንደሆነ ቁርኣን ይነግረናል። ይሁንና አንደኛው ወገን እየፈራ የሚፈርመው ሱልህ ፍትሕን አያመጣም።

ፕሮግራሙ የእስር ምትክም አይደለም። አጥንት የሰበረ ወይም በስለት የወጋ ሰው በሕግ ይጠየቃል፤ ትምህርቱ ከቅጣቱ ጋር ወይም ከእርሱ በኋላ ይመጣል።

ውጤት አለው?

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማጋነን አለ። አንዱ «እንዲህ ዓይነት ሰው አይለወጥም» ይላል፤ ሌላው «ትምህርቱን ጨርሷል፣ ተመለሺ» ይላል። ጥናቶቹ ሁለቱንም አይደግፉም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የወጣ አንድ ትንታኔ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ የፕሮግራሞቹ ውጤት አነስተኛ መሆኑን ዘገበ። ታስሮ ከተቀጣ ሰው ይልቅ፣ ታስሮ፣ ተቀጥቶ ፕሮግራምም የተከታተለ ሰው ሚስቱን ዳግም የመምታት ዕድሉ በ5 በመቶ ያህል ብቻ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ኤድዋርድ ጎንዶልፍ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ በአራት ከተሞች ከ800 በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታተሉ። ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ መምታት ማቆማቸውን፣ ከአምስት አንድ የሚሆኑት ግን ደጋግመው መምታታቸውን አገኙ። ዳግም ጥቃቱ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነበር። ፕሮግራሙን አቋርጠው የሚጠፉት ከጨረሱት የበለጠ አደገኛ መሆናቸውም ታይቷል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሚራባል ጥናት ሴቶቹን ራሳቸውን ጠየቀ። ባሎቻቸው ፕሮግራም ከመጀመራቸው በፊት በጥፊ መመታት፣ መገፋት ወይም ዕቃ መወርወር ይደርስብናል ያሉት 87 በመቶ ነበሩ፤ ከ12 ወር በኋላ 7 በመቶ ሆነዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ቁጥጥሩ ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ዱላ የተወ ሰው ሁሉ መቆጣጠርን አልተወም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በመጠለያ ያረፉ ሴቶች ወደ ባላቸው ለመመለስ ሲወስኑ ከሁሉ በላይ የሚያሳምናቸው ባል ምክር መጀመሩ እንደሆነ ጎንዶልፍ ቀደም ብለው ባደረጉት ጥናት ታይቷል። ሰውዬው የተመዘገበ ዕለት እርሷ ተስፋ ታደርጋለች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አደገኞቹ ናቸው። ስለዚህ «ጀምሯል» የሚለውን ወሬ ይዞ እርሷን እንድትመለስ መገፋፋት ትልቅ ስህተት ነው።

ከዲናችን አንጻር

«ይህ የምዕራባውያን ነገር ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ስልቱ ከዚያ ቢመጣም መሠረቱ በእኛ ኪታቦች ያለ ነው።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ መንገድ ከመዋጋት በቀር በእጃቸው ሴትንም ሆነ አገልጋይን መትተው እንደማያውቁ መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ብዙ ሴቶች ባሎቻቸውን ለመክሰስ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰቦች በመጡ ጊዜ፣ እነዚያ ወንዶች ከምርጦቹ እንዳልሆኑ ተናግረዋል። ሴቶቹን «ለምን ወጣችሁ» አላሏቸውም። ሐቢባ ቢንት ሰህል ባላቸው መትቶ ጉዳት ባደረሰባቸው ጊዜ ከሱብሕ በኋላ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ከሰሱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ባልየውን አስጠርተው መህሩን ተቀብሎ እንዲለያያት አደረጉ።

ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 34ን በተመለከተ ዑለማኦች ብዙ ገደብ አስቀምጠዋል። የሚያሳምም፣ ምልክት የሚተው፣ ፊትን የሚነካ ምት ሐራም መሆኑን ተናግረዋል። ከታቢዒኖች ታላቁ የመካ ዓሊም ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ባል ይቆጣል እንጂ አይመታም ብለዋል፤ ኢብኑል ዐረቢ አል-ማሊኪም ይህን አስተያየት የጥልቅ ግንዛቤያቸው ምልክት አድርገው ጠቅሰውታል። ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ የምናየው ቡጢ፣ ቀበቶና ማነቅ በየትኛውም መዝሀብ ማስረጃ የለውም። ዙልም ነው።

ፕሮግራሞቹ የሚጠይቁትን ከተውበህ መስፈርቶች ጋር ብናስተያይ ደግሞ ቅርበቱ ያስገርማል። ዑለማኦች ተውበህ ወንጀሉን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መወሰን እንደሚፈልግ፣ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ አራተኛ እንደሆነ አስተምረዋል። «አላህ ይማረኝ» ብሎ ያለቀሰ፣ ነገር ግን ሚስቱን የከሰረ ሐቋን ያልመለሰ ሰው አራተኛውን አላሟላም። እንባ የመጸጸት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ማቆም ግን በጊዜ ብቻ የሚታይ ነገር ነው።

ሌላም አለ። የፊቅህ ሊቃውንት ባልና ሚስት እርስ በርስ በደል ሲካሰሱና እውነቱ ሲሰወር፣ ቃዲው በታመነ ሰው ጎረቤትነት እንዲያኖራቸው፣ ያ ሰው ሁኔታቸውን እንዲከታተልና በዳዩን እንዲከለክል ጽፈዋል። ኢብኑ ቁዳማህ ይህን አብራርተዋል። በማሊኪ መዝሀብ ደግሞ የተጎዳች ሚስት ጉዳቷን ካስረዳች ቃዲው ጋብቻውን ሊያፈርስ ይችላል። ማለትም ቀደምቶቻችን የቤቱን በር ከፍተው የሚያይ ሦስተኛ ዓይን አስፈላጊ መሆኑን ያውቁ ነበር። ዱሉዝ ላይ ፖሊስና ዳኛ የተቀናጁበት አሠራር ከዚህ ሩቅ አይደለም።

«ገመና መሸፈን» የሚለውም በቦታው መቀመጥ አለበት። ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስለ ጋብቻ ባማከሯቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ጀህም ዱላውን ከትከሻው እንደማያወርድ ነግረዋቸዋል። ሴትን ከአደጋ ለማዳን የተነገረ እውነት ሐሜት እንዳልሆነ ዑለማኦች ከዚህ ወስደዋል።

ሙስሊሞች የጀመሩት

በአሜሪካ ሸሪፋ አልኸጢብ (አላህ ይዘንላቸው) እ.ኤ.አ. በ2000 «ሰላማዊ ቤተሰቦች» የሚል ትርጉም ያለው ፕሮጀክት መሥርተው ኢማሞችንና የማኅበረሰብ መሪዎችን ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ማሠልጠን ጀመሩ። በካናዳ በለንደን፣ ኦንታሪዮ ከ2009 ጀምሮ የሚሠራ የሙስሊሞች የማኅበራዊ ድጋፍ ማእከል አለ፤ ቤተሰቡን፣ መስጂዱንና የመንግሥት ተቋማትን በማገናኘት ይታወቃል። የሳዑዲ ዐረቢያ የ2013 ከጥቃት መከላከያ ሕግ ጥቃት አድራሹን ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ከ5,000 እስከ 50,000 ሪያል መቀጮ ይቀጣል፤ ከዚህ ጎን ለጎን የሚመለከታቸው ሰዎች የሥነ ልቦና ሕክምና ወይም የማረሚያ ፕሮግራም እንዲከታተሉ የማድረግ ሥልጣንም ይሰጣል።

በኢትዮጵያስ?

የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚያው ዳሰሳ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። የተመታችው ራሷ «ይገባኛል» እያለች እንደምትኖር ያሳያል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ጥቃት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ያስቀጣል። ድንጋጌው ስለ ቅጣት እንጂ አጥፊውን ስለማስተማር አይናገርም። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ በተከራካሪዎች ስምምነት ኒካሕን፣ ፍቺንና ቀለብን ያያሉ፤ የወንጀል ክስ የመስማት ሥልጣን የላቸውም። ስለዚህ የተመታች እህት ፍቺዋን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብትወስድም ድብደባውን የምትከሰው በፖሊስ በኩል ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የተካሄደና ውጤቱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ሰዎችን በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ለ14 ጊዜ እያሰባሰበ ስለ ትዳር፣ ስለ ጥቃትና ስለ ጤና አወያየ። ወንዶች በተወያዩባቸው መንደሮች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወንዶቹ በራሳቸው አንደበት አደረግን ያሉት ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ይህ የመከላከል ሥራ ነው፤ የታወቀ ጥቃት አድራሽን የማረም አይደለም። ነገር ግን ወንዶች ቁጭ ብለው ስለዚህ ጉዳይ እንደማይነጋገሩ ለሚያስብ በቂ መልስ ነው።

መስጂድ፣ ሽማግሌና ቤተሰብ ምን ያድርጉ?

ነገ ሙሉ ፕሮግራም መክፈት አንችል ይሆናል። ዛሬ የምንችለው ግን አለ።

• ሴቲቱን ለብቻዋ፣ እርሱ በሌለበት ስሟት። ሴት ሽማግሌ ወይም ኡስታዛ ብትኖር ይመረጣል። ያለችውን ለእርሱ አታድርሱ።

• ስለ ማነቅ፣ ስለ መሣሪያና ስለ ግድያ ዛቻ ጠይቁ። አንዱ እንኳ ካለ ነገሩ ከሽምግልና በላይ ነው፤ ወደ ፖሊስና ወደ መጠለያ የሚወስድ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የሕግ እርዳታ ያደርጋል።

• ሰውዬውን ለብቻው፣ በሚያከብራቸው ወንዶች ፊት አነጋግሩት። ያደረገውን በስሙ ጥሩለት። «ግን እርሷም» ብሎ ሲጀምር አቁሙት፤ የመጣችሁት ስለ እርሱ እጅ ለመነጋገር ነው።

• ምሕረቷን አታስቸኩሉ። ተለያይተው ይቆዩ፤ ቀለቧና የልጆቿ ወጪ በዚያ ጊዜም ግዴታው ነው። ለውጡን በሳምንታትና በወራት እዩት፤ የሚጠየቀውም ከእርሷ ነው።

• ከእርሱ ጋር በየሳምንቱ የሚገናኝ፣ የሚከታተለው አንድ ሁነኛ ሰው መድቡ። የሥነ ልቦና ባለሙያ በከተማችሁ ካለ ወደዚያ ላኩት።

• በኒካሕ ትምህርት ላይ ሙሽራው ስለ ሐቅ ብቻ ሳይሆን ስለ እጁም ይማር። በዓመት አንድ ኹጥባ ለዚህ ጉዳይ ይሰጥ።

በውጭ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው በቤት ውስጥ ጥቃት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ብዙ ሴቶች ዝም የሚሉት ይህን ፈርተው ነው። ለመባረሩ ምክንያት የሚሆነው ግን የእርሱ ዱላ እንጂ የእርሷ ስልክ ጥሪ አይደለም። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት እጁን የሚይዝለት ጀማዓ ካለ ለእርሱም እዝነት ነው።

ይህን ጽሑፍ የምታነብ ወንድሜ፣ ራስህን እዚህ ውስጥ ካየኸው፣ ሚስትህ ይቅር እንድትልህ ከመጠየቅህ በፊት ለአንድ የምታምነው ሰው ያደረግኸውን ሳታቃልል ንገረው። እርዳታ መጠየቅ ወንድነትን አይቀንስም። እህቴ ሆይ፣ አንቺ ደግሞ እርሱን የመለወጥ ኃላፊነት የለብሽም፤ ሶብር ማለትም መመታትን መቀበል አይደለም። ራስሽንና ልጆችሽን ማዳን አማናሽ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን የመረጋጋትና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን፤ በዳዩን ከበደሉ የሚይዝ፣ ተበዳይን የሚያስጠጋ ጀማዓ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።